ለ50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ማሞቂያ፦ የሱሉልታን ብርድ ታሳቢ አድርጌ እንዴት እንደሠራሁት

ለፋሲካ የሚደርስ ዶሮ ማሳደግ የፈለገ ሰው ጫጩቱን የሚያስገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሱሉልታ ላይ ብርዱ የሚጠነክረውም ያኔ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የአንድ ቀን ጫጩት ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ላባ የላትም፣ የሰውነቷንም ሙቀት ገና በራሷ መቆጣጠር አትችልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀርባዋ በሚውልበት ከፍታ ላይ ከ33 እስከ 34 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። 45 ቀን የሞላቸውን ጫጩቶች የምትገዙ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ስሠራ የተነሣሁት ማሞቂያ መበላሸቱ አይቀርም ከሚል ነው። አምፖል ይቃጠላል፣ መብራት ይሄዳል፣ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ መጠን አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ) ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሙቀቱ ሲበዛም ሲጠፋም ጫጩቶቹ የሚሄዱበት ቦታ መኖር አለበት። ቦታውን ሁሉ እኩል 34 ዲግሪ ማድረግ ለጫጩት መመቸት አይደለም፤ አንድ ነገር ሲበላሽ መሸሻ ታጣለች።

አጥሩ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር። ከቀጭን ላሜራ ነው የሠራሁት፤ ወደ 5 ሜትር ርዝመት ይበቃል፣ ጫፍና ጫፉ ይደራረብና በሽቦ ይታሰራል። ክብ የሆነበት ምክንያት አለው፦ ጫጩቶች ሲበርዳቸው ማዕዘን ውስጥ ይደራረቡና የታችኞቹ ይታፈናሉ። ከላይ የዶሮ ሽቦ ይከደንበታል፤ አይጥና ሸለምጥማጥ ያለበት ሰፈር ነው።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ከሥር ሙቀት ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ካርቶን፣ በላዩ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ከአናጢ ቤት የመጣ የእንጨት ፍቅፋቂ። ደቃቁን ሰጋቱራ አልመክርም፤ ጫጩቶቹ ይለቅሙታል፣ ብናኙ ትንፋሻቸውን ይዘጋል፣ አምፖሉም ላይ ያርፋል። ጋዜጣ ደግሞ ያንሸራትታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተንሸራተተች ጫጩት እግሯ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል።

ለሙቀቱ ሁለት የ150 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖሎች ተጠቀምኩ። አንድ የ250 ዋት ያልገዛሁት ቢቃጠል ሌሊቱን የሚያሻግር ሌላ ስለማይኖር ነው። ቀዩ ከነጩ የሚሻለው ብርሃኑ ስለሚለዝብና መነካከሱን ስለሚቀንስ ነው። ኤል ኢ ዲም ሆነ ኢኮኖሚ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም። አምፖሎቹን የሰቀልኩት መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ዳር አስጠግቼ ነው። ከፍታቸው ከፍቅፋቂው እስከ አምፖሉ ታች 50 ሳንቲ ሜትር። የውሃ መጠጫው ከሥራቸው አይቀመጥም፤ የጋለ መስታወት ላይ ጠብታ ካረፈ ይሰነጠቃል።

እሳት የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከአምፖሉ ሳይሆን ከመያዣውና ከመስቀያው ነው። የፕላስቲክ መያዣ በእንዲህ ያለ አምፖል ሙቀት ቀስ እያለ ይለሰልሳል፤ አንድ ቀን አምፖሉን ይለቀውና ፍቅፋቂው ላይ ይወድቃል። የሸክላ መያዣ ግዴታ ነው። አምፖሉ በራሱ ገመድ አይንጠለጠልም፤ ጣሪያው ሞራሌ ላይ በተመታ መንጠቆ በሰንሰለት ይሰቀላል፣ ከሌላ መንጠቆ ደግሞ ሁለተኛ ሽቦ ይታሰርለታል። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ከአምፖሉ ፊት ለፊት የሽቦ ወንፊት ይደረጋል፤ ላስቲክ፣ ጆንያም ሆነ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት አይጠጋውም።

ሁለቱ አምፖሎች አንድ ላይ 300 ዋት ናቸው፤ በ220 ቮልት 1.4 አምፒር ገደማ ይስባሉ። ይህ ለ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ምንም አይደለም። የሚያግለው መጋጠሚያው ነው፦ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ሲላላ ይሞቃል፣ ናስትሮው ይደርቃል፣ ከዚያ ይፈነጥቃል። መጋጠሚያውን በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ አድርጉት፤ ኤክስቴንሽኑን ደግሞ ሳትጠቀልሉ ዘርጉት። የመሬት ፍሳሽ ብሬከር፣ ማለትም መብራት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ ብሬከር ካስገባችሁ፣ እርጥብ እጅ ወደ መብራት በሚቀርብበት ቤት ውስጥ ሕይወት ያድናል። ዋጋው ይወደዳል፤ ቢሆንም ከቴርሞስታቱ በፊት እሱን ግዙ።

ቴርሞስታቱ እንቁላል መፈልፈያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ሁለቱንም አምፖል በእሱ ሥር አላደረግኩም። አንደኛው በቀጥታ ይበራል፤ ቴርሞስታቱ የሚያበራና የሚያጠፋው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ በሁለት መንገድ ይበላሻል። ውስጡ ያለው መቁረጫ በርቶ ሊጣበቅ ይችላል፤ ያኔ አምፖሉ አይጠፋም፣ ጫጩቶቹ ግን ወደ ቀዝቃዛው ዳር ይሸሻሉ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ የቴርሞስታቱ ሙቀት መለኪያ ከቦታው ተነቅሎ ከአጥሩ ውጭ ከወደቀ የቤቱን ብርድ እየለካ ያለማቋረጥ ያሞቃል። መለኪያውን ከፍቅፋቂው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በሙቀቱ ክልል ዳር በተተከለ እንጨት ላይ በሽቦ እሰሩት። በቀጥታ ከአምፖሉ ሥር ከሆነ ጨረሩ ራሱን ያግለውና የአየሩን ሙቀት በትክክል አይናገርም።

ቴርሞሜትሩን ሳትፈትኑት አትመኑት። በተፈጨ በረዶና በትንሽ ውሃ ውስጥ ዜሮ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ከሆነ ደግሞ 100 አትጠብቁ፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው።

መብራት ሲሄድ ለሚመጣው ብርድ አጥሩ ውስጥ ከአምፖሎቹ በተቃራኒ ዳር የጭድ ሳጥን አስቀምጫለሁ። ውስጡ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በደረቅ ጭድ ተጠቅጥቋል። ከላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይጣልበታል። ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው ነው የሚሞቁት፤ ሳጥኑ የሚያደርገው ሙቀቱን መያዝ ብቻ ነው። በየጎኑ ከላይ በኩል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካልተተወ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጭዱን ያረጥበዋል፤ እርጥብ ጭድ ደግሞ ሙቀት አይይዝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብተው መተኛት ይልመዱ፤ በጨለማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስገቧቸው ይተራመሳሉ።

በዚህ ላይ የሙቅ ውሃ ጄሪካን ይጨመራል። 5 ሊትር ውሃ ከ80 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት ወደ 230 ዋት-ሰዓት ይጠጋል፤ አንድ የ150 ዋት አምፖል በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጠው ነው። ሁለት ጄሪካን ተራ በተራ እየቀየራችሁ ሌሊቱን ማሻገር ይቻላል። የፈላውን በቀጥታ አትሙሉ፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፤ በጆንያም ጠቅልሉት፤ ሳይጠቀለል ከገባ ጫጩቶቹን ያቃጥላል። መብራት ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው ግፊት አምፖልና ቴርሞስታት እንዳይበላ ማብሪያውን አስቀድማችሁ አጥፉ፤ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩ።

ከሰል በፍጹም አይገባም። ውጭ ተቀጣጥሎ ነጭ አመድ የለበሰ ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ አመድ በለበሰው ፍም ላይም አይቆምም። ጫጩቱንም፣ ለማየት የገባውንም ሰው ይገድላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ቶሎ የሚያድጉ የሥጋ ጫጩቶች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ልባቸው ይደክምና ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል፤ ብርድ ደግሞ የኦክስጅን ፍላጎታቸውን ስለሚጨምር ነገሩን ያባብሰዋል። ሙቀት ለመያዝ ሲባል ቤቱን በላስቲክ ማሸግ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ነፋስ የሚዘጋው ጫጩቶቹ ባሉበት ከፍታ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት ክፍት ይቆያል። ከኩሱ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ እነሱማ መሬት ላይ ናቸው፣ የበለጠ እያገኛቸው ነው።

የቀዝቃዛው ዳር ሙቀት ከ20 በታች ሲወርድ የምጨምረው አምፖል አይደለም። መጀመሪያ የበሩን ሥር፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ ሌሊት ብርድ የሚያወርደውን ቆርቆሮ አያለሁ። ኮርኒስ ያለው ጭቃ ቤት በዚህ በኩል ባዶ ብሎኬትን በሩቁ ያስከነዳል።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ ማሞቂያው ይበራል፤ አየሩ ቶሎ ቢሞቅም ፍቅፋቂው ይዘገያል። ከመጡ በኋላ ቁጥሩን ከማየት ይልቅ እነሱን ማየት ይበልጣል። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ጮክ ብለው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ዳር ይዘው አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ካራቁ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ነፋስ ይገባል። በየቦታው ተበትነው፣ ገሚሱ ሲበላ ገሚሱ ከተኛ ልክ ነው። አንዷን አንሥታችሁ እግሯን ከጉንጫችሁ አስነኩ፤ ከቀዘቀዘ ፍቅፋቂው ቀዝቃዛ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል። በመጡ ማግሥት ከአንገቷ ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት ስትዳስሱ መሙላትና መለስለስ አለበት፤ ባዶ ከሆነ ወይ በርዷታል ወይ መኖውን አላገኘችውም። የኋላዋ ላይ ኩስ የደረቀባትን በለብታ ውሃ አጽዱ፣ ሙቀቱንም እንደገና ፈትሹ።

በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል፦ በሁለተኛው ሳምንት 30፣ በሦስተኛው 27፣ በአራተኛው 24። የሚቀነሰው ሰንሰለቱን በአንድ ወይም በሁለት ቀለበት በማሳጠር ነው። አጥሩም በዚያው ልክ ይሰፋል፤ 50 ጫጩት በዚያው ክብ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መነካከስ ይጀምራል። ላባቸው በአምስተኛው ሳምንት ሲሞላ ቀን ላይ አምፖሉ ይጠፋል፤ ሌሊት ግን በታኅሣሥና በጥር አንዱ ይበራል፣ ሌላውም ሳይወርድ ይቆያል። ሲወርድ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ የሸክላ መያዣውም ውስጥ ጠቁሮ ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር ሳይቆይ ይቀየር።