ሳያዩ መለየት፦ የስሜት ሕዋሳትን መሠረት ካደረገ ሕክምና እስካሁን ያገኘሁት ልምድ

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ሳቢያ ከልጅነት የሚጀምር የእንቅስቃሴ ችግር) ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጡንቻ መኮማተርና ስለ መራመድ ነው፤ ሆኖም ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን፣ የመዳሰስን፣ የእጅና የእግርን አቀማመጥ ሳያዩ የማወቅን እንዲሁም ሚዛን የመጠበቅን ችሎታ ጭምር ሊያውክ ይችላል። አሁን አብሬያት የምሠራው ልጅ ግራ ጎኗ የተጎዳ ሲሆን፣ ግራ እጇን የማትጠቀምበት ስለሚደክማት ብቻ ሳይሆን የጨበጠችውን ነገር በውል ስለማትለየውም ነው።

የስሜት ሕዋሳትን መሠረት ላደረገው ሕክምና መነሻ የሆነውን ንድፈ ሐሳብ ያዳበሩት አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰዎች የዕለት ተግባራቸውን ራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ጂን ኤርስ ሲሆኑ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በዋናነት የመማር ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚመለከት ነበር። ለሴሬብራል ፓልሲ ሲሆን፣ ልጁ ዝም ብሎ የሚቀበለው መታሸትና መወዛወዝ ብቻውን የእጅን ሥራ ያሻሽላል የሚለው ሐሳብ ማስረጃው ደካማ ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ያለው ልጁ የሚፈልገውን ተግባር ራሱን ደጋግሞ መለማመዱ ነው። ስለዚህ የዳሰሳ ጨዋታውን ከዕለት ተግባር ነጥዬ አልሠራውም።

ውጤቱን ይበልጥ ያየሁት በጨርቅ ከረጢት ጨዋታ ነው። ማንኪያ፣ ስፖንጅ፣ ኳስና ትልቅ የበር ቁልፍ ከረጢቱ ውስጥ እንከታለን፤ መጀመሪያ በቀኝ እጇ እየዳሰሰች ታወጣለች፣ ከዚያም ያንኑ ዕቃ በግራዋ ትፈልጋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ እጇ ያገኘውን ሁሉ ጭብጥ አድርጎ ይቀር ነበር፤ ጣቶቿ ዕቃውን ስለማያገላብጡት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ለማየት ትሞክራለች። እኔም እጄን ከእጇ ሥር አድርጌ፣ ማንኪያውን ከእጀታው እስከ ጎድጓዳው ድረስ በጣቷ ጫፍ እንድትከተለው አግዛታለሁ። አሁን ስፖንጁንና ማንኪያውን ሳታይ ትለያለች፤ ማንኪያውና ቁልፉ ግን፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ብረት ስለሆኑ ይመስለኛል፣ አሁንም ይምታቱባታል። ጨዋታው እንዳበቃ ሳህኑን በግራዋ እየደገፈች በቀኟ ትመገባለች፤ በማስታወሻዬ ላይ የምጽፈውም ደስ ብሏት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሳህኑ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ነው።

አነካክም ልዩነት አለው። በጣት ጫፍ ሲነኳት እጇ ይሸማቀቃል፤ አስቀድሞ ተነግሯት በሙሉ መዳፍ ጠበቅ አድርገው ሲይዟት ግን ጣቶቿ ቀስ በቀስ ይከፈታሉ። እግሮቿ መሬት ካልረገጡና ዳሌዋ ወንበሩ ላይ ካልተደላደለ ደግሞ ትኩረቷ ሁሉ ላለመውደቅ ስለሚውል ዳሰሳው ፋይዳ የለውም። የሚጥል በሽታ በእነዚህ ልጆች ላይ የተለመደ በመሆኑና እርሷም ስላለባት፣ ሐኪሟ ሳይፈቅድ ዥዋዥዌም ሆነ ማሽከርከር አልጨመርኩም።

ቀጥሎ የብረቱን ቁልፍ በፕላስቲክ ቀይሬ፣ ማንኪያውን ከቁልፉ መለየት ከቻለች በኋላ ብረቱን መልሼ በማስገባት በቅርጽ ብቻ ትለያቸው እንደሆነ እሞክራለሁ።