አራቱም አይነክሱም

24 የጠረጴዛ እግር ነበር የያዝነው። ጠንካራ፣ ከርሞ የደረቀ እንጨት፤ ውፍረቱ 60 ሚሊ ሜትር በ60፣ ርዝመቱ 72 ሴንቲ ሜትር። ስምንቱን እኔ አውጥቼ የእንጨት ማክበቢያ ማሽኑን ለተለማማጁ ልጅ ለቀቅኩለት። ከእኛ ጋር አምስተኛ ወሩ ነበር። የማይቸኩል ልጅ ነው፤ መሮ ሲስል እንኳ ቆም እያለ ስለቱን ጥፍሩ ላይ ይሞክራል። ዘጠነኛውን እግር ማክበብ እንደጀመረ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ሴንተሩ፣ ያ መሐሉ ሹል፣ ዙሪያው አራት ጥርስ ሆኖ የእንጨቱን ጫፍ ነክሶ የሚያዞረው ብረት፣ ብቻውን ይዞራል፣ እንጨቱ ይቆማል፣ ወዲያው የተቃጠለ እንጨት ሽታ።

«ጋሼ፣ አራቱም አይነክሱም» አለኝ ማሽኑን አጥፍቶ።

«እጅህ ነው። መሮውን አትጫነው።»

መልስ አልሰጠኝም። ሌላ ያልተነካ እንጨት አነሣና ሴንተሩን ጫፉ ላይ በመዶሻ መትቶ ነቀለው፤ ከዚያ ጫፉን ወደ እኔ አዞረ። መሐል ላይ የሹሉ ቀዳዳ፣ ጥልቅ። ከግራና ከቀኙ ትይዩ የሆኑ ሁለት ንክሻዎች፣ እነሱም ደህና ገብተዋል። ከላይና ከታች ግን፣ የቀሩት ሁለት ጥርሶች ሊያርፉበት በሚገባው ቦታ፣ በጥፍር የተጫረ የመሰለ ነጭ መስመር ብቻ። አላየሁም ማለት አልችልም፤ ዓይኔ ሥር ነው ያደረገልኝ።

«በዚሁ ሴንተር ስምንት አውጥቻለሁ» አልኩት። «ቴልስቶኩን አጥብቅና ሥራህን ሥራ።»

ታዘዘኝ። የእንጨቱን ሌላኛ ጫፍ ደግፎ የሚይዘውን የቴልስቶኩን መዘውር ጉልበቱ እስከቻለ አጠበቀው። የእግሩ መሐል ወደ 28 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን እንጨቱ ከሁለት ወገን ተጨንቆ ጎበጠ፣ መንቀጥቀጥ ያዘው፣ ከዚያ ከቴልስቶኩ በኩል ጅማቱን ተከትሎ ተሰነጠቀና ተፈናጠረ። ማሽኑ በደቂቃ 1,200 ዙር ላይ ነበር። እግዜር ይመስገን ልጁ የፊት መከለያ አድርጓል። መከለያው ላይ፣ ልክ ከግራ ዓይኑ ትይዩ፣ አንድ ረጅም ጭረት ቀረ።

አለቃችን መጣ። የተበላሹትን የሁለቱን እንጨቶች ዋጋ ከልጁ ደመወዝ እንደሚቆርጥ ተናግሮ ሄደ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ቃል አልወጣኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ የቀሩትን እግሮች ራሴ ያዝኩ። ልጁ ሰጋቱራ እየጠረገ አጠገቤ ነበር። ሁለተኛውን ስጨርስ መጥረጊያውን ያዝ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«መዘውሩን በየደቂቃው የሚያጠብቁት ለምንድን ነው?»

እጄን አየሁት። ቀኝ እጄ የቴልስቶኩ መዘውር ላይ ነበር። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ለካስ ስምንቱንም እግር የሠራሁት እንዲህ ነው፤ ሴንተሩ ሊለቅ ሲል በድምፁ እየሰማሁ፣ መዘውሩን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየጨመርኩ፣ መሮውን ሳላስበው እያቀለልኩ። የለመደ እጅ የመሣሪያውን ጉድለት ተሸክሞ ይሠራል፣ ባለቤቱም አያውቅም። የልጁ እጅ ገና አልለመደም፤ ያለውን ጉድለት እንዳለ አወጣው። እኔ የከሰስኩት ያንን እጅ ነው።

ማሽኑን አጥፍቼ ሴንተሩን አወጣሁት። የመሐሉን ሹል የያዘችውን ትንሽ ብሎን ፈትቼ ሹሉን ወደ ውስጥ ሰደድኩት፤ አራቱን ጥርስ ወደ ታች አድርጌ ወፍራም መስታወት ላይ አቆምኩት። ልጁ በጣቱ ነካ አደረገው። በሁለት ጥርስ ብቻ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ጎንበስ ብለን ስናይ በሌሎቹ ሁለት ጥርሶች ሥር ብርሃን ያልፋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ጥርሶቹን ከዓመት በፊት የሳልኳቸው እኔ ነኝ፤ በሚሽከረከረው ድንጋይ፣ በጥድፊያ፣ ሳልለካ። ሹሉንም ከጥርሶቹ 6 ሚሊ ሜትር ያህል አስወጥቼ ነበር ያሰርኩት። ለስላሳ እንጨት ላይ ይሄ አይታወቅም፤ ሹሉ ይሰምጣል፣ ጥርሶቹም ይከተሉታል። ጠንካራ እንጨት ላይ ግን ሹሉ ራሱ እንጨቱን ከጥርሶቹ አርቆ ይይዘዋል። የሹሉ ሥራ መሐሉን ማሳየት ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። እንጨቱን የሚያዞሩት ጥርሶቹ ናቸው።

ካወጣሁት አይቀር ማሽኑ ውስጥ የሚሰካውን ግንዱንም አገላብጬ አየሁ። ቁጥር 2 ሞርስ ቴፐር ነው፤ ወደ ኋላው እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የሚያዝ። ዙሪያውን ተጭሯል፣ የኋላ ጫፉ በብረት መዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ራስ ተዘርግቷል። ይሄኛው ከእኔ በፊት ማሽኑን የያዘው ሰው ሥራ ነው። ሴንተሩን ማውጣት ሲሰለቸው ደግሞ እዚያው ሄድስቶኩ ውስጥ፣ በሚያዞረው የማሽኑ ራስ ላይ እንደተሰካ፣ እንጨቱን በመዶሻ እየደበደበ ያስነክሰው ነበር። እያንዳንዷ ምት ኩሽኔታው ላይ ነው የምታርፈው። ኩሽኔታው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ሁለቴም «ማሽኑ ደካማ ነው» ተባለ። ሰውየው ፈጣን ባለሙያ ተብሎ ተመስግኖ ነው የሄደው። እሱ ከሄደ ወዲህ ኩሽኔታ ቀይረን አናውቅም።

ሴንተሩን ከልጁ ጋር አስተካከልነው። ግንዱን በሁለት እንጨት መሐል አድርገን ሞርሳ ላይ አሰርን፤ ሞረዱን እሱ ያዘ። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ሁለት ጥርሶች ከአጫጭሮቹ ጋር እኩል አወረዳቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ጥርስ ከተዳፋቱ ፊት ብቻ ሞረደ፤ ቀጥ ያለው ፊት አይነካም፣ ከተነካ ጥርሱ ይሳሳል። የሞረዱን ምት እየቆጠረ፣ ለአራቱም እኩል፣ በየመሐሉ መስታወቱ ላይ እያቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ አላጣደፍኩትም። እኔ የተዘረጋውን ጫፍ ሞርጄ፣ ግንዱንም የሚገባበትን ቀዳዳም በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ዘይት ሴንተሩ ሲቀመጥ እንዳይዝግ ነው፤ ለሥራ ሲገባ ተወልውሎ መድረቅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ጠንካራ እንጨት ስንይዝ ጫፉን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመጋዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንበጣዋለን። ሴንተሩን ከማሽኑ ውጭ፣ በእንጨት መዶሻ፣ እዚያ ብጥ ውስጥ እናስነክሳለን። አንዱ ጥርስ ላይ በሞረድ የተጫረ ምልክት አለ፣ ትይዩው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይደረጋል፤ ወርዶ ሲመለስ ያው ጥርስ ያንኑ ጉድጓድ ያገኛል።

ሌላም የሚያሳዝነኝ አለ። መሳቢያው ውስጥ ጥርስ የሌለው፣ ክብ ከንፈር ያለው ሴንተር ተቀምጦ ነበር። ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው፤ መሮው ድንገት ሲጠልፍ እንጨቱ ይቆማል፣ ሴንተሩ ባዶውን ይዞራል፣ ልጁም ምን እንዳጠፋ ያያል። ሥራ ያጓትታል ብዬ ነው ያልሰጠሁት። ባለ ሁለት ጥርሱም ነበረን፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ላልተቆረጠ እንጨት የሚሻል፣ ምክንያቱም ጠማማ ጫፍ ላይ ባለ አራቱም ቢሆን ከሁለት በላይ አይነክስም። ብቻ ሁለቱ ጥርሶች ጅማቱን አቋርጠው ይቀመጡ። ከጅማቱ ጋር ከገቡ ሽብልቅ ናቸው።

አለቃችን ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። «ያለፈ ነገር ነው» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። የተቆረጠውን ከራሴ አውጥቼ ለልጁ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

«ያን ዕለት ነግሬዎት ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

«ነግረኸኛል።»

ዛሬ እሱ የራሱን ማሽን ይዞ ይሠራል። እኛ ዘንድ ሌላ ልጅ ገብቷል። ክብ ከንፈር ባለው ሁለት ወር ሠርቶ ወደ ባለ አራት ጥርሱ በተሻገረ በሦስተኛ ቀኑ እንጨቱ ቆመበት፤ ያው ድምፅ፣ ያው ሽታ። ከአፌ ቀድሞ የወጣው «እጅህ» የሚለው ቃል ነበር። ልጁ ደንግጦ መሮውን ወደ ኋላ ሳበ።

ማሽኑን አስጠፋሁት። መስታወቱን ከመደርደሪያው አውርጄ፣ ሹሉን ወደ ውስጥ ሰድጄ ሴንተሩን አቆምኩት። «ንካው» አልኩት። በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። በአራቱም ቆሟል።

«እጄ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«ገና አላወቅንም። መሮውን አምጣ።»