ፈጣን ሃችባክ በሊትር ስንት ትሄዳለች? ከነዳጅ መዝገቤ የተማርኩት

አነስተኛ አካልና ብርቱ ሞተር ያላትን ሃችባክ (የኋላ መስኮቷ ከዕቃ መጫኛው በር ጋር አብሮ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና) ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአንድ ቁጥር ግን አይመለስም። እኔ የምነዳት የሰባተኛው ትውልድ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ቤንዚን ሞተር፣ 220 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት የእጅ ማርሽ። ይህችው አንዲት መኪና፣ በዚሁ በአንድ ሹፌር እጅ፣ በሊትር 18 ኪሎ ሜትር የሄደችበት ጊዜ አለ፤ ከ7 ኪሎ ሜትር በታች የሄደችበትም ጊዜ አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት ምን እንደሚፈጥረው ለማወቅ ስል የቀዳሁትን ነዳጅ ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ከዚያ መዝገብ ያገኘሁትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አለካኩ ልናገር፤ አለካኩ ካልተስተካከለ የተቀረው ሁሉ ግምት ይሆናልና። ታንኩን እሞላለሁ፤ የማደያው መቅጃ በራሱ ሲዘጋ ያን ጊዜ አቆማለሁ እንጂ ጠብታ አልጨምርም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብም እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ ስሞላ የገባው ሊትር በመካከሉ ለተጓዝኩት መንገድ የዋለ ነዳጅ ነው። መኪናዋ በቆመችበት ቦታ ዘንበል ማለት ወይም በመቅጃው አዘጋግ ምክንያት አንዱ ሙሌት ከሌላው ጥቂት ስለሚለያይ፣ የአንድ ሙሌት ውጤት ብቻውን ብዙም አያሳምንም፤ ተከታታይ ሙሌቶች ሲደመሩ ግን ስህተቱ እየተጣፋ ይሄዳል። አማካይ ሲወጣም ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር ለጠቅላላው ሊትር ማካፈል እንጂ የየሙሌቱን ውጤት ደምሮ ማካፈል አይገባም። ለምሳሌ 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 10፣ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ በሊትር 15 ብንሄድ፣ አማካዩ 12 ተኩል ይመስላል፤ የጠፋው ነዳጅ ግን 10 ሊትርና 6.7 ሊትር ስለሆነ ትክክለኛው አማካይ 12 ነው። በዚህ ምክንያት መዝገቤን የያዝኩት በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠፋ በሚያሳይ ስሌት ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አማካይ ፍጆታስ? የኔ መኪና ኮምፒውተር ከማደያው ስሌት ጋር ሲነጻጸር ዘወትር ከአራት እስከ ስድስት በመቶ አሳንሶ ያሳያል። ነዳጁን የሚገምተው የነዳጅ መርጫዎቹ ተከፍተው ከሚቆዩበት ጊዜ ነውና ፍጹም እንዲሆን አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ የዛሬውን ጉዞ ከትናንቱ ለማወዳደር ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፤ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ንጽጽሩን አያበላሽም።

በፋብሪካው የተጻፈው ቁጥር ለዚህች ሞዴል በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ ማለትም በሊትር ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኔ የረጅም ጊዜ አማካይ 8 ሊትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ለማወቅ ቁጥሩ የተገኘበትን ፈተና መመልከት ያስፈልጋል። ፈተናው ኤንኢዲሲ የሚባለው አሮጌው የአውሮፓ መለኪያ ሲሆን፣ ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 20 ደቂቃ፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ፈተና ውስጥ መኪናዋ ከቆመችበት ተነስታ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 26 ሰከንድ ይሰጣታል። ይህችው መኪና ከዜሮ እስከ 100 ለመድረስ የሚበቃት 6 ሰከንድ ተኩል ነው! ማንም የገዛት ሰው በ26 ሰከንድ 50 አያደርሳትም። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእርሱ ቦታ የገባው ደብሊውኤልቲፒ የተባለው ፈተና ርዝመቱ 23 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 30 ደቂቃ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም 131 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን፣ በመኪናዋ ላይ የተጨመሩ ዕቃዎችን ክብደትም ከግምት ያስገባል። ስለዚህ ሁለት መኪናዎችን የሚያወዳድር ሰው ቁጥሮቹ ከየትኛው ፈተና እንደመጡ ሳያረጋግጥ አንዷን ቆጣቢ፣ ሌላዋን በላተኛ ብሎ መፍረድ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መዝገቡ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ ነዳጄን የሚወስደው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ፍሬኑ መሆኑን ነው። ይህን ስሌቱ በግልጽ ያሳያል። መኪናዬ ከሹፌርና ከነዳጅ ጋር 1,450 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የያዘችው የእንቅስቃሴ ጉልበት 140 ኪሎ ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ በ100 ስትሄድ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ስለሆነ ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 560 ኪሎ ጁል ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ቢይዝም፣ የከተማ መንገድ ላይ ወደ ጎማ የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው ብንል፣ ከቆመችበት አንስቶ 50 ማድረስ ወደ 17 ሚሊ ሊትር፣ 100 ማድረስ ደግሞ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ይጠይቃል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ያ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስት ጊዜ 50 ደርሶ ሦስት ጊዜ የሚቆም ሹፌር ለፍሬኑ ብቻ በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር በላይ ይከፍላል፤ የአየርና የጎማ መቋቋም፣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር፣ ማቀዝቀዣውም ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ 110 የፈረስ ጉልበት ኖሯት ክብደቷ 800 ኪሎ ግራም ቢጠጋ እንጂ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ክብደት በእያንዳንዱ መነሳትና መቆም ሂሳቡን ይጠይቃል።

ይህን ካየሁ በኋላ የለወጥኩት ከሁሉ በላይ አስተያየቴን ነው፤ ዓይኔን ከፊቴ ካለችው መኪና አንስቼ ከእርሷ ፊት ወዳለው መንገድ አሳረፍኩ። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳለሁ፤ ማርሹን ግን አላወጣም። ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናዋ ግስጋሴ ስለሆነ ኮምፒውተሩ የነዳጅ መርጫዎቹን ጨርሶ ይዘጋቸዋል፤ በዚያ ጊዜ የሚጠፋ ነዳጅ የለም። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መንሸራተት ግን ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ደግሞ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያህል ያቃጥላል። ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው አስተሳሰብ ከካርቡሬተር (ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል አሮጌ መሣሪያ) ዘመን የተረፈ ይመስለኛል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ የሞተሩን ማገዝ ስለሚያሳጣ ለደኅንነትም አይበጅም።

ስለ መነሳት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «እንቁላል ከእግርህ በታች እንዳለ ቆጥረህ ርገጥ» የሚል ነው። በዚህ አልስማማም። የኔ ቱርቦ ሞተር በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ 350 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ይሰጣል፤ ቤንዚን ሞተር ደግሞ በዝቅተኛ ዙር መካከለኛ ጭነት ሲሸከም ለያንዳንዱ የነዳጅ ጠብታ የሚሰጠው ሥራ ጭነቱ እጅግ ቀላል ከሆነበት ጊዜ ይበልጣል፤ የአየር መግቢያው ጠብቦ ሲዘጋ ሞተሩ አየር ለመሳብ ብቻ ብዙ ይደክማልና። ስለዚህ እኔ የምነሳው ፈጠን ብዬ፣ ነገር ግን 2,500 ዙር ሳላልፍ ማርሽ እየቀየርኩ ነው፤ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ ስደርስ ወደ ከፍተኛው ተስማሚ ማርሽ ገብቼ እረጋለሁ። የከተማው ፍጆታዬ በዚህ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 ሊትር ወደ 9 ሊትር ተኩል አካባቢ ወረደ፤ የጉዞዬ ጊዜም ሊታይ በሚችል መጠን አልረዘመም።

አጫጭር ጉዞዎች ግን እስካሁን መድኃኒት ያላገኘሁላቸው ናቸው። ሞተር ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ በሚገባ ስለማይተን ኮምፒውተሩ ትርፍ ነዳጅ ይጨምራል፤ የጭስ ማጣሪያውንም ቶሎ ለማሞቅ ሲባል ሞተሩ ሆን ተብሎ ባልተቆጠበ ሁኔታ ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም ሰው ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚያጠፋው፣ በሊትር 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢያይ መኪናዋ ተበላሽታለች ማለት አይደለም። ማድረግ የቻልኩት ጉዳዮቼን በአንድ ዙር ማጣመር ነው፤ ሞተሩን ቆሞ ማሞቅ ግን ነዳጅ ያባክናል እንጂ አይጠቅምም፤ ቀስ እያሉ በመንዳት ይሞቃል።

በረጅም መንገድ ላይ ጠላቱ ይለወጣል። የአየር መቋቋም በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ስለሚያድግ፣ ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲኬድ ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። በመዝገቤ ውስጥም ይኸው ይታያል፦ በ90 ሳልለዋውጥ ስነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ተኩል ያህል፣ በ120 ከ7 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ በ130 ደግሞ 8 ሊትር። በጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ ተገጥሞ ባዶውን እንኳ ሲሄድ ልዩነቱ ይታያል፤ በማልጠቀምበት ጊዜ አወልቀዋለሁ።

እንግዲህ ይህችን መኪና ሰው የሚገዛት በጥንቃቄ ብቻ ለመንዳት አይደለም፤ እኔም እንደዚያ አልነዳትም። ጠመዝማዛና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ፣ ሕግ በሚፈቅደው ፍጥነት ውስጥ ሆኜ እንኳ ሞተሩን በሙሉ ጉልበቱ ሳሠራው ፍጆታው 15 ሊትር ይደርሳል። ቱርቦው ወደ ሲሊንደሮቹ የሚጨምቀው አየር ሲበዛ ነዳጁም በዚያው ልክ ይበዛል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር የሚለው ሚዛን እንኳ በከፍተኛ ጭነት ላይ ሊለቀቅና ትርፍ ነዳጅ የሚቃጠለውን ጋዝ ለማቀዝቀዝ ሊረጭ ይችላል። የዚህ ሞተር የጭስ መውጫ ቱቦዎች በራሱ በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ ተሠርተው በውኃ የሚቀዘቅዙት ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው። ያም ሆኖ መዝገቡ እንዳሳየኝ እንዲህ ያለው አነዳድ ከጠቅላላው መንገዴ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ስለሚይዝ አማካዬን ብዙም አያናጋውም። አማካዩን የሚወስነው በየቀኑ የሚደጋገመው የከተማ መነሳትና መቆም ነው። ይህን ማወቄ ደስታዬን ሳልነፍግ የምቆጥብበትን ቦታ ለይቶ አሳየኝ።

የጎማ ንፋስ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሰፋፊ ጎማ ያላት መኪና ንፋሷ ሲያንስ በዓይን አይታወቅባትም፤ ስለዚህ በርቀት ከማየት ይልቅ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በመለኪያ ማረጋገጥ ይሻላል። ኦክቴንን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለውን አቅም የሚያሳይ ቁጥር) በተመለከተ ደግሞ ፋብሪካው የሚያዝዘውን ዝቅተኛ መጠን መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ ያነሰ ሲቀዳ በሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው የሚፈጠረውን ቃጠሎ የሚያዳምጠው የንኳኳታ ዳሳሽ የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ጉልበቱም ቁጠባውም አብሮ ይወርዳል። ከታዘዘው በላይ የሆነ ቤንዚን ግን በእርጋታ ስነዳ በመዝገቤ ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጣም።

ከዚህችው መኪና አነስተኛ ሞተር ያላት ብትገዛ ይሻል ነበር ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ በመንገዱ ይወሰናል። በረጅም መንገድ ላይ የሁለቱ አካል አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚጋፈጡት አየርም ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የሚያስጨንቅ አይደለም። ዕለት ዕለት ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር የማያልፍ፣ መኪና በተጨናነቀበት ከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ ሰው ግን ትልቁን ሞተር ባያሞቀው እመርጣለሁ፤ ለእርሱ ሞተሩን ሲቆም ማጥፋትና በፍሬን የሚባክነውን ጉልበት መልሶ በባትሪ መያዝ የሚችል ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መኪና) ይሻለዋል።