የኔትወርኪንግ ሚድ እርማት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የኢንትሮ ኔትወርኪንግ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሳርም ዋልኩ። አንዱ ጥያቄ ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። "በ192.168.10.0/26 ለስንት ኮምፒውተር አድራሻ መስጠት ይቻላል? አሠራሩን አሳዩ" ይላል። መልሱ 62 ነው።

አንድ አድራሻ 32 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አሃዝ) አለው፤ /26 ማለት የመጀመሪያዎቹ 26 ለኔትወርኩ መለያ ተይዘዋል ማለት ነው። አንዷ ተማሪ ከ32 ላይ 26 ቀንሳ ለኮምፒውተሮቹ የሚቀረውን 6 ቢት አገኘች። ስድስት ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታ 64 ብላ ጻፈች። እዚያው አቆመች። ለኔትወርኩ ለራሱና ለብሮድካስት (ለሁሉም ኮምፒውተሮች በአንዴ መልእክት ለመላክ) የተያዙትን ሁለት አድራሻዎች አልቀነሰችም። ሌላው ደግሞ 62 ብሎ አልፏል። ስሌት የለ፣ ምን የለ።

ከ5 ለእሷ 4፣ ለእሱ 2 ሰጠሁ። እሱ እንደሚከፋው አውቃለሁ። ግን ነገ ሥራ ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚፈለገው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የሚያጣራ ሰው ነው። ያንን ደግሞ የማየው ከስሌቱ ነው።

ተማሪ ነጥቡ የት እንደተቆረጠ ማወቅ መብቱ ነው። "ቢ ሰጠኝ" ብሎ ግራ ተጋብቶ መሄድ የለበትም። ሰኞ ወረቀቱን ስመልስ የነጥብ አሰጣጡን በሙሉ ቦርድ ላይ እጽፋለሁ። የፋይናሉን ደግሞ ከፈተናው በፊት ያገኙታል። ቅሬታ ያለው ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።