የጠራው ውሃ

ዛሬ ከጥልቅ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በእጅ በሚያዝ መለኪያ ሲመረመር ቆሜ አየሁ። ውሃው ኩልል ያለ፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የሌለው ነበር፤ መለኪያው ግን በሊትር 4 ሚሊግራም ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ 1.5 ነው። ውሃውን የቀዱት እናት «ለልጆቼ እኮ አፍልቼ ነው የምሰጣቸው» አሉ።

ይህ ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ቢገድልም ፍሎራይድን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ፍሎራይዱ የሚመጣው ውሃው ለረጅም ዘመን ሲነካካቸው ከኖሩት የእሳተ ገሞራና የግራናይት አለቶች ሲሆን፣ በተለይ ካልሲየም ያነሰው ውሃ አብዝቶ ይሸከመዋል። መጠኑ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ከዓመታት በኋላም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ የጉድጓድ ቦታ ሲመረጥ የአለቱ ጥናት የጤና ሥራ አካል ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እኚያ እናት ቁጥሩ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላቸው ጠየቁ።