ፒክአፕ ስመርጥ ከካሶኒው የጀመርኩበት ምክንያት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ

አዲስ ፒክአፕ ለመግዛት ስነሳ ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ በኋላ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጋራዥ አስገብቼ ላስገጥመው የምችለውና አንዴ ከተገዛ የማይለወጠው። የጉም መብራት፣ የካሶኒ (የኋላው የጭነት ሳጥን) ቀለም፣ የማሰሪያ መንጠቆ፣ ሬዲዮና የኋላ ካሜራ ሁልጊዜም ይገጠማሉ። የካሶኒው ርዝመት፣ የጋቢናው ዓይነት፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ አራት በአራት መሆን አለመሆኑ ግን ውሉ ሲፈረም ያልቅላቸዋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተወሰነ ገበያው ጠቧል፤ ፒክአፕ ፈላጊም የሚያማርጠው አስመጪው ግቢ ውስጥ ከቆሙት ነው። ሁሉን ያሟላ አይገኝም፤ ስለዚህ የትኛው ቢጎድል እንደማይጎዳ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሻጭ ጋ ከመሄዴ በፊት የምጭነውን ዕቃ በሜትርና በኪሎ ጻፍኩ። የቤት ቆርቆሮ 2 ሜትር ነው። ቺፑድ 1.22 በ2.44 ሜትር። ሲሚንቶ በከረጢት 50 ኪሎ። እህል በኩንታል 100 ኪሎ። የፒቪሲ ቧንቧ 6 ሜትር፣ ፌሮ 12 ሜትር። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ወዲያው ሰረዝኳቸው፤ ለእነሱ የሚሆን የፒክአፕ ካሶኒ የለም፣ አይሱዙ የጭነት መኪና መከራየት ይሻላል። ለፌሮ ብሎ ረጅም ካሶኒ የሚገዛ ሰው በማይፈታ ነገር ላይ ገንዘብ ያወጣል።

በዚህ መደብ ካሉት መኪኖች፣ ቶዮታ ሃይሉክስም አይሱዙ ዲማክስም ቢሆኑ፣ የካሶኒው የውስጥ ርዝመት ከአምራች አምራች በጥቂት ሳንቲም ቢለያይም መልኩ ተመሳሳይ ነው። ደብል ጋቢና ወደ 1.55 ሜትር፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ጠባብ ቦታ ያለው ኤክስትራ ካብ ወደ 1.80፣ ነጠላ ጋቢና ወደ 2.30 ሜትር። ብዙ ሰው ደብል ጋቢና ካሶኒው ስላጠረ መኪናውም አጭር፣ በደሴ ጠባብ ቅያስ ለመዞር የሚቀል ይመስለዋል። አይደለም። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት በሦስቱም 3.085 ሜትር ነው፣ ጠቅላላ ርዝመታቸውም 5.3 ሜትር አካባቢ። ጋቢናው ያገኘው ቦታ ከካሶኒው የተወሰደ ነው እንጂ መኪናው አላጠረም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካሶኒው ሲያጥር የሚቆረጠው ከፊቱ፣ ከጋቢናው በኩል ነው፤ የኋላው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በደብል ጋቢና የካሶኒው መሐል ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን በመኪናው ላይ ለማየት የግንበኛ ቱምቢና ሜትር ይበቃል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ቱምቢውን ከካሶኒው የላይኛው ጠርዝ በውጭ በኩል ልክ በኋላ ጎማው እምብርት ላይ እንዲያርፍ አውርዱ፣ ጠርዙ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ከካሶኒው የፊት ግድግዳ እስከ ምልክቱ ለኩ። በደብል ጋቢና ወደ 45 ሳንቲም ይመጣል። የካሶኒው መሐል ደግሞ ከግድግዳው 77 ሳንቲም ላይ ነው። ልዩነቱ ከ30 ሳንቲም በላይ ነው፣ ያውም ከጎማው በስተኋላ። በኤክስትራ ካብ ልዩነቱ ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል፤ በነጠላ ጋቢና መሐሉ የኋላው ጎማ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረውም።

ቁጥሩን በጭነት ስታሰሉት ትርጉሙ ይገባል። 16 ከረጢት ሲሚንቶ 800 ኪሎ ነው። የጭነቱ መሐል ከኋላ ጎማ 30 ሳንቲም ወደ ኋላ ከሆነ 800 በ0.30 ተባዝቶ ለ3.085 ሲካፈል ከፊት ጎማዎች ላይ 78 ኪሎ ይነሳል፤ የኋላው 878 ኪሎ ይሸከማል። የቀለለ ፊት ዳገት ላይ መሪውን ያሳስታል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብዙውን ሥራ የሚሠራውን የፊት ፍሬን ያዳክማል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል። 78 ኪሎ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ደብል ጋቢና ያላችሁ ወይም የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አጫጫኑ ያግዛል። በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለው ስፋት 1.10 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከረጢቶቹን በቁመታቸው፣ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አጋድሟቸው። አንድ ከረጢት ወደ 65 ሳንቲም ስለሚረዝም ሁለት ረድፍ ይገባል። በካሶኒው መሐል አራት አራት ንብብር እኩል ከማድረግ ይልቅ ከጋቢናው ጋር የተጠጋውን ረድፍ አምስት ንብብር፣ የኋላውን ሦስት ብታደርጉ የጭነቱ መሐል ከጎማው 12 ሳንቲም ብቻ ወደ ኋላ ይሆናል፤ ከፊት የሚነሳውም ከ78 ወደ 31 ኪሎ ይወርዳል። ያው 16 ከረጢት ነው፣ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጫኞች ግን ከስፖንዳው (ከካሶኒው የኋላ መዝጊያ) ጀምረው መደርደር ስለሚቀናቸው አጠገባቸው ቆሞ ማስደርደር ይሻላል።

ቆርቆሮና ቺፑድ ሌላ ጉዳይ ነው። 2 ሜትር ቆርቆሮ በደብል ጋቢና የኋላው ስፖንዳ ሲከፈት ይተኛል፤ ስፖንዳው 48 ሳንቲም ያህል ስለሚጨምር። ቺፑድ 41 ሳንቲም ያህል ወጣ ይላል፣ በኤክስትራ ካብ 16 ብቻ። ወርዱ 1.22 ስለሆነ ግን በየትኛውም ካሶኒ በጉብታዎቹ መካከል አይገባም፤ ጉብታዎቹ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ በጉብታው ቁመት ልክ ሞራሌ አቋርጣችሁ ካላነጠፋችሁ መሐሉ ይጎብጣል፣ በጎርባጣ መንገድም ይሰነጠቃል። ክፍት ስፖንዳ የሚንጠለጠለው በሁለት ገመድ ነው፤ ቀላል ዕቃ ያሳርፉበታል እንጂ ሲሚንቶ አይጭኑበትም። ታርጋውን ከሸፈነ አውጥቶ ማሰር፣ ወጣ ባለው ጫፍ ላይም ቀይ ጨርቅ ማንጠልጠል ያስፈልጋል።

«አንድ ቶን ይጭናል» የሚለውን የሻጭ ቃል በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሰሌዳ ጋር አስተያዩ። ሰሌዳው የሚናገረው የመኪናውን ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ነው። ለምሳሌ 2,910 ኪሎ የሚል መኪና ባዶውን 2,000 ቢመዝን 910 ይተርፋል። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ሒሳብ 350 ይወስዳል፣ ከፊት የሚገጠም የብረት መከላከያና የካሶኒ ብረት አንድ ላይ 120። የቀረው 440 ኪሎ ነው፣ አራት ኩንታል ተኩል እንኳን አይሞላም። እኔ የፊት ብረቱን የተውኩት በዚህ ሒሳብ ነው። ሊብሬው ላይ የሚሰፍረው የመጫን አቅምም ከሰሌዳው ጋር መስማማቱን ማየት ይገባል። ባዶውን ክብደት ለማረጋገጥ ኮምቦልቻ ባሉት የከባድ መኪና ሚዛኖች አንዱ ላይ ማስመዘን ነው፤ መጀመሪያ መኪናውን በሙሉ፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ።

ባሌስትራ መጨመር አቅም ይጨምራል የሚባለውን አልቀበልም። ኋላው አይዘቀዝቅም፣ ያ እውነት ነው። ሻንሲው፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ ግን ያው ናቸው። ከኋላ ጎማ አልፎ የተጫነ ደብል ጋቢና ሻንሲው የሚጎብጠው በጋቢናና በካሶኒ መካከል ነው፤ ምልክቱም እዚያው ክፍተት ላይ ይታያል፣ ከታች ከነበረው ሳይለወጥ ከላይ እየሰፋ ይሄዳል። አዲስ እያለ ከላይም ከታችም ለክታችሁ ጻፉት። ጭነት እየመዘነ የኋላውን ፍሬን የሚቆጣጠር ቫልቭ ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ባሌስትራ ሲጨመር ቫልቩ መኪናው ቀላል ነው ብሎ ስለሚያስብ የኋላው ፍሬን ይቀንሳል። ከጨመራችሁ ቫልቩን ማስተካከል ግዴታ ነው።

በመጨረሻ የወሰድኩት ኤክስትራ ካብ ነው። የሚጓዘው ሁለት ሰው ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ቦታ መሣሪያና ከዝናብ የሚጠበቅ ዕቃ ይይዛል። ቤተሰብ የሚጭን ሰው ደብል ጋቢና ይውሰድ፣ ተጨማሪ ብረት ሳይገጥም፣ ጭነቱን ግን ከአምስት ኩንታል አያሳልፍ። ቀኑን ሙሉ ለጭነት ብቻ ለሚሠራ ነጠላ ጋቢናን የሚያህል የለም።

ሞተር ላይ ከፍታው ይወስናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለመደው የ2.7 ሊትር ቤንዚን ሃይሉክስ የማሽከርከር ጉልበቱ በወረቀት 245 ኒውተን ሜትር ነው፤ ደሴ ላይ ወደ 185 ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አብዛኛውን ይመልሳል፣ ዙሩ ሳይነሳ ከቆመበት ዳገት ሲጀምር ግን ትንሽ ይዘገያል። ከናፍጣዎቹ መካከል የሃይሉክስ 2.4 በስድስት ማርሽ 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ 2.8 በኦቶማቲክ 500፣ በእጅ ማርሽ ግን 420 ነው። እንግዲህ የእጅ ማርሽ ለሚወስድ ሰው ለ2.8 የሚከፈለው ጭማሪ ብዙ አያስገኝም። እኔ 2.4 በእጅ ማርሽ አልኩ፤ ፍሪሲዮን የትም ይቀየራል፣ ቁልቁለት ላይም ሦስተኛ አስገብቶ በሞተር መያዝ ቀላል ነው። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ከተማ ውስጥ ዳገት ላይ ብዙ የሚቆም ሰው ኦቶማቲክ ቢመርጥ አይሳሳትም፣ ማርሹን በእጅ መያዝ የሚቻልበት ከሆነና የካምቢዮ ዘይቱን በጊዜው ከቀየረ።

የጭስ ማጣሪያ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ የተገጠመለት ለአውሮፓ የተሠራ ናፍጣ አትውሰዱ። ማጣሪያው ሰልፈሩ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣና ረዘም ያለ የፈጣን መንገድ ጉዞ ይፈልጋል፤ በአጭር አጭር የከተማ ጉዞ ይደፈናል። ውሃ የሚለይ ተጨማሪ የናፍጣ ማጣሪያ ግን ወጪው ያዋጣል፤ የዛሬ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚረጩ አፍንጫዎች ጠብታ ውሃም አይችሉም።

አራት በአራት? ሥራችሁ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ በአስፋልት ብቻ ከሆነ አያስፈልግም፤ ክብደት ይጨምራል፣ የመጫን አቅም ይቀንሳል። ክረምት ላይ ከኩታበር ወይም ከገራዶ መንገድ ወጥቶ ጥቁር አፈር ላይ የሚገባ ሰው ግን ከአራት በአራቱ ጋር የሚመጣው የተለየ ዝቅተኛ ማርሽ ያለውን ይውሰድ፤ ጠጠር ቁልቁለት ላይ ከጭነት ጋር ሲወረድ ፍሬን ሳይነኩ የሚይዘው እሱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም ጎማ አገናኝቶ መንዳት ዲፈረንሻሉንና ማስተላለፊያውን ይጎዳል።

ጎማ ላይ 17 ቸርኬ መረጥኩ። 265/65 አር 17 ላይ 112 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። ባለ 18 ቸርኬው ያምራል፣ ነገር ግን የጎማው ጎን ስለሚያጥር ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ይጣመማል።

ከትንንሾቹ ውስጥ የጉም መብራት ለደሴ ክረምት ቅንጦት አይደለም። በካሶኒው ወለል ላይ ቢያንስ አራት የማሰሪያ መንጠቆ ይኑር፤ ከላይ ጠርዝ ላይ ያሉት ዝቅ ያለ ጭነት አይዙም። ተነቃይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከሥሩ ውሃና አሸዋ ስለሚይዝ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ዝገት ይከተላል፤ የሚረጨው ወፍራም ቀለም ይሻላል፣ ዕቃም አያንሸራትትም።

ስትረከቡ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከዲክላራሲዮኑና ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ጎማው ጎን ላይ ያለውን አራት አኃዝ አንብቡ፤ 2324 ካለ እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ መኪና ጎማው ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዋጋ ላይ መነጋገር ነው። ዝቅተኛውን ማርሽ ጠጠር ላይ አስገብታችሁ ሞክሩ። ስኮርት ጎማው ካሶኒው ሥር በሰንሰለት ስለሚንጠለጠል ከግቢው ሳትወጡ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ መልሱት፤ ክሪኩና የማውረጃው ዘንግ መኖራቸው የሚታወቀው ያኔ ነው፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ የደፈነ ተጨማሪ ብረት ከተገጠመም ያኔ ይታያል።