ልጆቻችሁን ጎታ ግንብ ልትወስዱ ካሰባችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ሂዱ

ይህን የምጽፈው ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያሉ የሐበሻ ልጆችን ሰብስቤ እዚሁ ጀርመን ጎታ ከተማ ኮረብታ ላይ ያለውን የፍሪደንሽታይን ግንብ ላሳያቸው፣ ታሪኩንም በአማርኛ ልነግራቸው ፈለግሁ። ኢትዮጵያዊው ቄስ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ መስፍን ወደ ኤርነስት የመጡት እዚያ ነውና። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቀላሉን ላስቀድም። ባቡሩ ከፍራንክፈርት ጎታ ያደርሳል። ከጣቢያው በፓርኩ በኩል ሽቅብ በእግር ነው፣ ለልጅም አይከብድም። ስለ ምሳና ስለ ትኬት አላደክማችሁም።

ከባዱ ወረቀቱ ነው። ልጆቹ ፊት ቆሜ «አንድ አባት እዚህ መጥተው ነበር» ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈለግሁም። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ቅጂ እጄ ላይ ይዤ ላሳያቸው አሰብኩ። ስለዚህ በሌላ ከተማ ወዳለ አንድ የመዛግብት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ቅጹን ሞላሁ፣ ሠራተኛዋም አየችው።

«የትኛውን ተቋም ነው የሚወክሉት?»

«ማንንም። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው የፕሮፌሰር ደብዳቤ ያምጡ።»

ፕሮፌሰር ከየት አባቴ ላምጣ? እሺ ብዬ ወጣሁና በኢሜይል ጻፍኩ። ስለ ኢትዮጵያዊው እንግዳ፣ ስለ አማርኛና ግዕዝ፣ ስለ ልጆቹ ዘርዝሬ አስረዳሁ። ድረ ገጻቸው ራሱ «ጉዳይዎን በዝርዝር ያብራሩ» ይላላ። መልሱ ብዙ ጠብቄ መጣ፤ የኢትዮጵያ ጉዳይ እኛን አይመለከትም፣ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይጠይቁ።

ያን ሳነብ ደሜ ፈላ። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። አባ ጎርጎርዮስ ከአማራ፣ ከመካነ ሥላሴ የተነሱ የተማሩ ቄስ ናቸው። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው፣ በግዕዝም ተግባቡ። መስፍን ኤርነስት ያስመጣቸው ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው ሊጠይቃቸው ፈልጎ ነው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ያለ እሳቸው አይታሰብም። እንዲህ ያለ ሰው የጀርመን ቤተ መንግሥት እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ እሱን የጠየቀ ሁሉ ጦርና ጋሻ ወደተሰቀለበት ሙዚየም ይላካል እንዴ? ጉዳዩ የራሳቸው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው።

ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኢትዮጵያ የሚል ቃል አላስገባሁበትም። ስለ ልጆቹም አንድ መስመር የለም። «የመስፍን ኤርነስት አስተዳደር፣ የ1652 ሰነዶች፣ እንግዶችና ወጪያቸው» ብቻ አልኩ። ተፈቀደ! የፕሮፌሰር ደብዳቤም የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ድረ ገጹ የሚለውን ተዉት። በአጭሩ ጻፉ፣ በመስፍኑ ስም ጠይቁ። ጉዳዩን በእኛ ስም ካነሳችሁት ከቢሮ ቢሮ ያንከራትቷችኋል። ይህን ማለቴ ደስ አይለኝም፣ የሆነው ግን እሱ ነው።

ወረቀቱ እጄ ሲገባ ደግሞ አንድም ፊደል አልለየሁም። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ጀርመንኛ የሚያነብን ሰው ሁሉ ግራ ያጋባል። ያገዙኝ በምሠራበት መንከባከቢያ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ከዚያ ጋር የሚቀራረብ አጻጻፍ ተምረዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ግማሹን አነበቡልኝ። ምሁር ከመፈለጋችሁ በፊት አረጋውያንን ጠይቁ።

አሁን ወደ ግንቡ። ለልጆች መሳፍንቱን በተራ አትዘርዝሩላቸው፣ ያንቀላፋሉ። ቤቱ በየጊዜው ምን ሲሠራበት እንደኖረ ንገሯቸው። በፊት ኮረብታው ላይ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበር። በ1567 የሳክሶኒው መስፍን አውጉስት ከቦ ያዘውና አስፈረሰው። የምሽጉ ጌታ ተማርኮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስረኛ ሆኖ ቀረ። በ1643፣ ጀርመንን ያወደመው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ ኤርነስት እዚያው ላይ አዲሱን ግንብ አስጀመረ። በሩ ላይ ሰላምና ፍትሕ ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል፣ ጽሑፉም «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ያጠፋል» ይላል። እዚህ ጋ ቁሙ። የእኛ ልጆች ጦርነት ምን እንደሆነ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል፣ ብዙ ማብራራት አያሻም።

በአንድ ጣሪያ ሥር የመስፍኑ መኖሪያ፣ የመንግሥት ቢሮ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር። በ1680ዎቹ የኳስ መጫወቻው አዳራሽ ቲያትር ቤት ሆነ፣ ዛሬ ኤክሆፍ ቲያትር የሚባለው ነው። ከመድረኩ ሥር የእንጨት ዘንግ አለ። ሰዎች ሲያሽከረክሩት በግራና በቀኝ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ ጫካው በዓይን ቅጽበት ከተማ ይሆናል። ስለዚህ ዘንግ ስነግራቸው ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ነው የሰሙኝ። ከ1945 በኋላ ሶቪየቶች መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን ጭነው ወሰዱ፣ አብዛኛው በ1950ዎቹ ተመለሰ። በ1979 አምስት ሥዕሎች ተሰረቁ፣ የተመለሱት ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ግንቡ ሙዚየምና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ነው።

አስጎብኚ መጻሕፍት ከመሳፍንቱ ሳሎን ጀምሩ ይላሉ። እኔ ከግቢው ጀምሩ እላለሁ። ሉዶልፍ በ1691 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል አለ። እሱን አትሜ ግቢው መሀል ከፍ አድርጌ ይዤ ነው ታሪኩን በአማርኛ የተናገርኩት። ልቤ ሞላ። አንዷ ልጅ «እኚህ አባት ወደ አገራቸው ተመለሱ?» አለችኝ። አልተመለሱም። በ1658 እስክንድሮና (ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለ ወደብ) አካባቢ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ዝም ብላ ሥዕሉን ተቀበለችኝና እስከ ማታ ይዛው ዋለች።

ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ቲያትሩን። ጊዜ ከተረፋችሁም ኤርፉርት በባቡር ቅርብ ናት፣ ሉዶልፍ የተወለደው እዚያ ነው። እኛ ልጆቹ ስለደከሙ አለፍናት፣ እስካሁን ቅር ይለኛል። ያዘጋጀሁትን የአማርኛ ጽሑፍ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ይጻፍልኝ፣ በደስታ እልካለሁ።